ጉማሬ ቢናገር በምን ድምፅ? ለጣና ጉማሬዎች የሚሆን የቋንቋ ድምፅ አቀማመር

ቋንቋ ልፍጠር ብሎ የተነሣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወረቀት ያወጣና ፊደል ይደረድራል። እኔም እንደዚያው ነበር የጀመርኩት። ለጣና ጉማሬዎች ቋንቋ ልሠራ ተቀምጬ በመጀመሪያው ምሽት 28 ድምፅ ጻፍኩ። መ አለ፣ ለ አለ፣ ኮስተር እንዲልልኝ ቀ እና ጠ በብዛት ገብተዋል። ጠዋት ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው ቆዳው የጉማሬ፣ አፉ የጎጃሜ የሆነ ፍጡር ወጣኝ።

ስለዚህ ፊደሉን ወደ አራተኛው ደረጃ ገፋሁት። መጀመሪያ የሚቆጠረው የተናጋሪው አካል ነው፤ ቀጥሎ ድምፁ የሚሄድበት ነገር። እነዚህ ሁለቱ በደንብ ከተያዙ ድምፆቹ ራሳቸው ይመጣሉ፤ የእኛ ሥራ መጣል ብቻ ይሆናል።

የሚያስፈልጉት ነገሮች፦ ደብተር፣ የሚቀዳ ስልክ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር፣ ባልዲ፣ ባዶ ጄሪካን፣ የመጠጫ ቀሰም፣ ጡጫ የሚያህሉ ሁለት ድንጋዮች፣ እና ሳይሰለች የሚሰማችሁ አንድ ጓደኛ። የመጨረሻው ነው የሚቸግረው።

1. አካሉን ቁጠሩ

የደብተራችሁን አንድ ገጽ ለሁለት ክፈሉ። በግራ ድምፅ ሊያወጣ የሚችለውን የአካል ክፍል፣ በቀኝ ያ ክፍል የሚያወጣውን ድምፅ ጻፉ። መጀመሪያ በራሳችሁ ተለማመዱ። ከንፈር ሲገጥም መ እና በ፤ የምላስ ጫፍ ጥርስ ሲነካ ተ እና ደ፤ ጉሮሮ ተዘግቶ ሲፈነዳ ደግሞ ጠ፣ ጨ፣ ቀ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን የጉሮሮ ፍንዳታ ሳያስበው ስለሚሠራ ለሚፈጥረው ፍጡር ሁሉ ያድለዋል። እኔም ያደልኩት ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ጉማሬው። ከንፈሩ እስከ ግማሽ ሜትር የሚሰፋ ሲሆን ሥራው ሣር መንጨት ነው፤ መ እና በ ለማለት እየገጠመ ሲለቀው ልስለው አልቻልኩም፣ ስለዚህ የከንፈር ድምፆችን ሰረዝኩ። አፍንጫው ውኃ ውስጥ ሲገባ ግጥም ብሎ ይዘጋል፤ ብቅ ሲል በእፍታ ይከፈታል። እፍታው ከሩቅ ይሰማል፣ ያዙት። ደረቱና ጉሮሮው ጉርምርምታና ጩኸት ያወጣሉ። ውኃ ውስጥ ሆኖ ደግሞ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ እንደሚያሰማ ያጠኑት መዝግበዋል።

አፉስ? እስከ 150 ዲግሪ ገደማ ይከፈታል፣ ግን ጉማሬ አፉን ሲከፍት ማዛጋቱ አይደለም፣ ማስፈራራቱ ነው። ስለዚህ አፍ ከፍቶ የሚነገር ድምፅ በቋንቋው ውስጥ እንዳታስገቡ። ካስገባችሁ «ውኃው ዛሬ ቀዝቃዛ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጠብ ያስነሣል። ጅራቱን እያወናጨፈ ፋንድያውን የሚረጨው ወሰኑን ሲያሳውቅ ነው፤ እሱን ከድምፆቹ ዝርዝር ውጭ አድርጉትና ለሥርዓተ ነጥብ አቆዩት። (ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ሰው ጉማሬ ሲባል ከእንስሳው በፊት አለንጋው ትዝ ቢለው አይፈረድበትም።)

2. ድምፁ የሚሄድበትን ለኩ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው፤ ቶሎ አትለፉት።

የሰው ቋንቋ በአየር ይሄዳል፤ ይህን እንኳ አስበነው አናውቅም። ጉማሬ ግን ቀኑን የሚውለው በአየርና በውኃ ድንበር ላይ ነው፤ ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው ከላይ፣ ሌላው አካሉ ከታች። ዊልያም ባርክሎው የተባሉ ተመራማሪ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ጉማሬ በዚህ አኳኋን ሆኖ ሲጮህ ድምፁ በአፍንጫው በኩል ወደ አየር፣ በጉሮሮው በኩል ወደ ውኃ፣ በአንድ ጊዜ በሁለቱም እንደሚሄድ አሳይተዋል። የቅርብ ዘመዶቹ ዓሣ ነባሪና ዶልፊን መሆናቸውን ላስታወሰ ይህ ብዙም አይገርመውም።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። እያንዳንዱን በደብተራችሁ በቁጥር አስቀምጡት።

አንደኛ፣ ቃሉ ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር፣ በውኃ ውስጥ 1,480 ሜትር ገደማ ይጓዛል። (ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ መገኘቱ የአየሩን ቁጥር አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ሙቀቱ ነው።) ለቋንቋችን ሰሚው ጉማሬ በጆሮው ከአየር፣ በመንጋጋው አጥንት ከውኃ ይሰማል ብለን እንያዝ። ተናጋሪው 100 ሜትር ርቆ ከሆነ የውኃው ድምፅ ከአየሩ በ0.22 ሰከንድ ይቀድማል፤ 300 ሜትር ከሆነ በ0.67 ሰከንድ። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ቃል የገዛ ራሱን ገደል ማሚቶ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በመደጋገም ብቻ የሚለይ ቃል አይኑራችሁ። አንድ ጠቅታ «ና»፣ ሁለት ጠቅታ «ሂድ» ካላችሁ፣ 300 ሜትር ላይ ያለው ጉማሬ «ና» ሲባል ይሄዳል። በምትኩ ደስ የሚል ነገር ታገኛላችሁ፦ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ርቀቱን ስለሚናገር ይህ ቋንቋ «ቅርብ» እና «ሩቅ» የሚሉ ቃላት አያስፈልጉትም።

ሁለተኛ፣ ከላይ ብቻ የተነገረ ከታች አይሰማም። ከአየር ወደ ውኃ የሚያልፈው የድምፅ ጉልበት ከሺህ አንድ ያህል ነው፤ ሌላው ከውኃው ፊት ተመልሶ ይነጥራል። ዘጌ ደርሶ የመጣ ሰው ሲዋኝ ጓደኛው ከጀልባ ቢጠራው ጭንቅላቱን እስኪያወጣ የማይሰማው ለዚህ ነው። ስለዚህ አፍንጫው የሚያወጣው ድምፅ ለጠለቀ ሰሚ የለም ማለት ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ዝቅተኛ ድምፅ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ አይሄድም። የድምፁ የሞገድ ርዝመት ከውኃው ጥልቀት አራት እጥፍ ሲበልጥ፣ ድምፁ ጥቂት እንደሄደ ይሞታል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1,480ን ለጥልቀቱ አራት እጥፍ ማካፈል። በ1 ሜትር ውኃ ከ370 ሄርዝ (በሰከንድ 370 ንዝረት) በታች ያለው፣ በ2 ሜትር ውኃ ከ185 ሄርዝ በታች ያለው አያልፍም። ወለሉ እንደ ጣና ዳር ጭቃ ሲሆን ድምፁን ስለሚውጠው ከዚህም ይብሳል። ሐይቁ ጥልቅ በሆነበት፣ 14 ሜትር ገደማ ላይ፣ ድንበሩ ወደ 26 ሄርዝ ይወርዳል፤ እዚያ የደረት ጉርምርምታ እንደ ልቡ ይሄዳል። ይኸውላችሁ፣ ቋንቋው ገና ሳይወለድ ሁለት ዘዬ አበጀ፦ የዳር አፍ እና የመሐል አፍ። የዳሩ ተናጋሪ ጉርምርምታውን ለአየር፣ ጠቅታውን ለውኃ ይሰጣል። የመሐሉ ሁሉንም ከታች ይናገራል። ጢስ ዓባይ አካባቢ ደግሞ ፏፏቴው ሁሉን ስለሚያደነቁር ሦስተኛ ዘዬ ማሰብ ይቻላል፤ እኔ አልደፈርኩትም።

3. ሄዳችሁ አዳምጡ

ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አካባቢ ማለዳ በጀልባ ይኬዳል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚነሣና ማዕበሉ ስለሚንጫጫ ቀረጻው ከንቱ ይሆናል። ቦታውን የሚያውቅ ጀልበኛ ያዙ፣ ርቀቱን እሱ ይወስን፣ ሲመሽ ደግሞ ወደ ዳር አትቅረቡ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያኔ ነው፣ ከውኃውና ከእሱ መካከል የገባ ሰውም አይበጀውም። እግራችሁን ሐይቁ ውስጥ ነክራችሁ አትቀመጡ፤ ጣና ቢልሃርዚያ አለበት።

ስልካችሁ ላይ ድምፅን ሳያጣራ ጥሬውን የሚቀዳ መተግበሪያ ተጠቀሙ። ተራው መቅጃ የሰው ድምፅ እንዲጠራ ብሎ ዝቅተኛውን ይቆርጠዋል፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ እሱኑ ነው። መልሳችሁ ስትሰሙ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን። ከውኃ በታች ለመቅዳት ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ደወል ውስጥ ክብ የብረት ቅርፊት የምትመስለውን ፓይዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጠውን) አውጥታችሁ፣ ሽቦ በይዳችሁ፣ ውኃ እንዳያስገባ በሲሊኮን መሸፈን ይበቃል። የቀዳችሁትን በሥዕል ለማየት ፕራት የሚባለው የድምፅ ጥናት ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው።

ሦስት ማለዳ ቀድቼ «ረዥሙ ንዝረት» ብዬ የሰየምኩት ድምፅ ነበረኝ። ሁለት ገጽ ማስታወሻ ጻፍኩበት። ለጀልበኛው ባሰማው፣ «ጋሼ፣ ይኼማ የእኔው ሞተር ነው» አለኝ። እናንተ ሞተሩን አስጠፉ።

የቀዳችሁትን ለጉማሬዎቹ መልሳችሁ አታጫውቱ። በ2022 እ.ኤ.አ. ሞዛምቢክ ውስጥ የተሠራ ጥናት ጉማሬዎች የጎረቤትን ድምፅ ከእንግዳ ድምፅ እንደሚለዩ፣ ለእንግዳው የሚሰጡትም ምላሽ የበረታ እንደሆነ፣ ፋንድያ መርጨትም እንደሚጨምር አሳይቷል። ለእኛ ግን ከዚህ አንድ ሕግ ይገኛል፦ የተናጋሪው ማንነት በድምፁ ቀለም ስለሚታወቅ «እኔ» የሚል ቃል አትሥሩ።

እግረ መንገዴን፦ በጣና ዙሪያ ጉማሬን ከማንም በላይ ያውቁ የነበሩት ወይጦዎች ናቸው፤ ጥንት ያድኑት ነበር። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፣ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲያልፍ ስለ ቋንቋው ጠቅሷል፣ ግን መዝግቦ ያቆየልን የለም። ለጉማሬ ልዩ ልዩ ጩኸት ምን ምን የሚሉ ቃላት እንደነበሩት ማወቅ ቢቻል የዚህ መመሪያ ግማሹ ባላስፈለገ ነበር።

4. ድምፆቹን ለሥራ ፈት ፊደላት ስጡ

አሁን ፊደል ይፈቀዳል። አዲስ ቅርጽ ለመፈልሰፍ አትድከሙ፤ ቤታችን ውስጥ ደመወዝ እየበሉ የማይሠሩ አሉ። በአማርኛ ሐ እና ኀ ከሀ፣ ሠ ከሰ፣ ዐ ከአ፣ ፀ ከጸ በድምፅ አይለዩም። (ትግርኛ ሐ እና ዐን እስከ ዛሬ ከነድምፃቸው ይዟቸዋል፤ ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኛ ካላችሁ አስቀድማችሁ ይቅርታ ጠይቁ።) አምስቱን ቀጠርኳቸው፦

ሐ፦ አፍንጫ ሲከፈት የሚወጣው እፍታ።
ሠ፦ ከውኃ በታች የሚለቀቅ አረፋ።
ፀ፦ ከውኃ በታች የሚሰማ ጠቅታ።
ኀ፦ የጉሮሮ ጩኸት፣ ሻከር ያለ።
ዐ፦ የደረት ጉርምርምታ፣ ለስላሳና ዝቅ ያለ።

ከዚያ ርዝመት ይጨመራል። አማርኛ ጥብቀትን ስለሚያውቅ በዚህ ዕድለኞች ነን፤ «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ውኃ ውስጥ የሚደረገው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ አለቃው ነው። ጽሑፋችን ግን ጥብቀትን አያሳይም፤ አንባቢ ራሱ ይድረስበት ይላል። ለጉማሬው ይህ አይሠራም። ዛሬ ቃል ለመለየት ብዙ ሰው የማይጠቀምባትን ሁለት ነጥብ አምጥታችሁ ከፊደሉ ኋላ አስቀምጧት፦ ዐ አጭር፣ ዐ፡ ረዥም። እፍታና ጠቅታ ሊረዝሙ አይችሉም፣ ስለዚህ ነጥቧ ለኀ፣ ለዐ እና ለሠ ብቻ ናት።

5. የድምፁን አካሄድ ከዜማ ተዋሱ

ጉርምርምታና ጩኸት ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ለዚህ ቀስት መሣል ይቻላል፣ ግን የዜማ አገር ሆነን ቀስት ምን ያደርግልናል? የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክቶች ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ እያሉ የድምፅን አካሄድ ለዘመናት ሲይዙ ኖረዋል። እኔ የተዋስኩት ስማቸውን ብቻ ነው፤ ምልክቶቹን ራሳቸውን ለጉማሬ መስጠት ድፍረት መሰለኝ። በምልክቶቹ ፈንታ የፊደሉን እርከን ተጠቀምኩ። ግዕዙ (ዐ) ይዘት ነው፣ ድምፁ ባለበት ይቆያል። ካዕቡ (ዑ) ቅናት፣ ወደ ላይ። ሣልሱ (ዒ) ድፋት፣ ወደ ታች። ራብዑ (ዓ) ርክርክ፣ እየተንቀጠቀጠ። ኀም እንዲሁ፦ ኀ፣ ኁ፣ ኂ፣ ኃ። ሐ፣ ሠ እና ፀ ከፍታ ስለሌላቸው በሳድስ ይጻፋሉ፦ ሕ፣ ሥ፣ ፅ።

ቁጠሩ። ዐ እና ኀ በአራት አካሄድ 8፣ በአጭርና በረዥም 16። ሥ አጭርና ረዥም 2። ሕ እና ፅ 2። በድምሩ 20።

6. የትኛው የት እንደሚቆም ወስኑ

ጉማሬ ከጥልቀት ብቅ ሲል መጀመሪያ መተንፈስ አለበት። ስለዚህ ከውኃ በላይ የሚነገር ዓረፍተ ነገር ሁሉ በሕ ይጀምራል። ይህ እኔ የጫንኩበት ሕግ አይደለም፣ ሳንባው ነው። ሕዐ፣ ሕዐ፡፣ ሕዑ፦ ሦስት ቃል፣ በርዝመትና በአካሄድ ብቻ የሚለዩ። «አለሁ»፣ «አለሁ፣ አትቅረብ»፣ «ማነው?» ብላችሁ ልትተረጉሟቸው ትችላላችሁ።

ከውኃ በታች ሕ የለም፤ አፍንጫው ተዘግቷል። ያው ትንፋሽ ከታች ሲለቀቅ አረፋ ይሆናል፣ ማለትም ሥ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። ሕ ከላይ ብቻ፣ ሥ ከታች ብቻ ከመጣ፣ አንዱን በሌላው ተክቶ ትርጉም መለወጥ አይቻልም። እንግዲህ ሁለት ድምፅ አይደሉም፤ አንድ ድምፅ በሁለት ልብስ ነው። አማርኛም ያደርገዋል፦ «በላ» ስትሉ ከንፈር ገጥሞ የሚለቀቀው በ፣ «አበባ» ውስጥ ግን ከንፈሩ ሳይገጥም ያልፋል፣ እኛ ግን ሁለቱንም በ ብለን እንጽፋለን። ስለዚህ ሠን ሰረዝኳት፤ ከቀጠርኳት ሳምንት ሳይሞላ ወደ ሥራ ፈትነቷ ተመለሰች። ከላይም ከታችም ሕ ይጻፋል፣ አረፋው ረዘመ አጠረ ለውጥ የለውም። 20ው 18 ሆነ።

ሌላው የአቀማመጥ ሕግ አጭር ነው፦ ፅ ከፅ ጋር አይጎራበትም (ማሚቶው እንደሚያምታታ አይተናል)፣ በዳር አፍ ደግሞ ከውኃ በታች ዐ አይነገርም።

7. ፈትኑት

ባልዲ በውኃ ሙሉ። ፅ ሁለት ድንጋይ ውኃ ውስጥ ማጋጨት ነው። የታችኛው ሕ በቀሰም ወደ ውኃው እፍ ማለት፣ የላይኛው በአፍንጫ። ዐን ለመሥራት አፋችሁን ገጥማችሁ በጄሪካኑ አፍ ላይ ከደረታችሁ አጉረምርሙ፤ ኀን ያንኑ ጉሮሮን ጠበቅ አድርጎ። ጎረቤት እንዳይሰጋ ቀን ቀን ይሁን።

በአንድ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ 20 የቃል ጥንዶች ጻፉ። ጓደኛችሁ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ፤ ከጥንዱ አንዱን አሰሙትና የቱ እንደሆነ ይጻፍ። እያንዳንዱን ጥንድ አሥር ጊዜ፣ ቅደም ተከተሉን እያዘበራረቃችሁ። በግምት ብቻ አምስት ያህል ስለሚያገኝ፣ ስድስትና ሰባት ላይ የቆመ ጥንድ ወድቋል ማለት ነው።

ከዚያ ያንኑ ፈተና ከማሚቶው ጋር ድገሙት። ቃሉን በስልክ ቅዱ፣ ኮምፒዩተር ላይ ቅጂውን በራሱ ላይ ደርቡ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ0.22 ሰከንድ፣ ቀጥሎ በ0.67 ሰከንድ ዘግይቶ እንዲገባ። እኔ ዘንድ ይዘት፣ ቅናትና ድፋት ፈተናውን አለፉ። ርክርክ ወደቀ፤ መንቀጥቀጡ ከገዛ ማሚቶው ጋር ሲደራረብ ጓደኛዬ ዓን ከዐ፡ መለየት አቃተው፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ መምጣቱን ተወ። ዓ፣ ዓ፡፣ ኃ እና ኃ፡ ከዝርዝሩ ወጡ፣ 14 ድምፅ ቀረ። ርክርክን የግድ ማቆየት የምትፈልጉ፣ ከመሐል አፍ አውጡትና ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው ለሚነጋገሩበት፣ ለእናትና ለግልገል ንግግር ብቻ አድርጉት፤ በአሥር ሜትር ርቀት ማሚቶው 0.02 ሰከንድ ያህል ስለሆነ አያበላሸውም።